የቺንጋው ሽምግልና

«ተቀመጡ እንጂ» አለ ገብረ ጻድቅ፣ ሦስታችን ጋቢያችንን አጣፍተን ቤቱ መሃል እንደ ምሰሶ ስንገተርበት።

«የመጣንበት ሳይፈጸምልን አንቀመጥም» አሉ ጋሼ ወልደ ሰንበት።

ይህን ማለት አልነበረባቸውም። ግን ጋሼ በሰፈራችን ሽማግሌ ሆነው ያላስዳሩት ልጅ የለም፤ ከዘራ ይዘው ሰው ቤት ከቆሙ አፋቸው የለመደውን መንገድ ራሱ ያገኘዋል።

ገብረ ጻድቅ ፈገግ አለ። «ዘሥላሴ አስታወሰን ማለት ነው?»

«ሰው ሲቸግረው ያስታውሳል። እንዲያውም እሑድ ሳይደርስ ብትጨርሱልን ነው ልመናችን።»

«እሑድ? ይህን ሁሉ ዓመት ዝም ያለ ሰው አሁን ምን አሯሯጠው?»

ከመጋረጃው ኋላ አንድ ክዳን ወድቆ ተንከባለለ። እኔና ያሕያ ተያየን። እኛ ከደብረ ብርሃን ጎረቤላ ድረስ የመጣነው ለመኪና ቺንጋ ነበር።

ነገሩን ከሥሩ ልንገራችሁ። ዘሥላሴ አጥር የምንጋራ ጎረቤቴ ነው። ከአባቱ የወረሳት አሮጌ ቮልስ አለችው። ለመኪናዋ ያደረገውን እንክብካቤ ግማሹን ለሚስቱ አድርጎ ቢሆን እያልን እናማዋለን፤ ነፍሷን ይማርና ሚስቱም ከእኛ ጋር ታማው ነበር። እሑድ ልጁን ሔራንን ይድራል። ሔራን ደግሞ «እማዬ ሙሽራ ሆና በገባችባት መኪና ካልሆነ ከዚህ ቤት አልወጣም» ብላለች፤ አባትም ምሎላታል። እንግዲህ መሐላው ገና ከአፉ ሳይደርቅ የቮልሷ ቺንጋ ተበጠሰ። ማራገቢያውን የሚያዞረው የጎማ ቀበቶ ነው፤ እሱ ከሌለ ሞተሩ ወዲያው ግሎ ቀጥ ይላል።

ያሕያ መለዋወጫ ነጋዴ ነው። ሱቁ ውስጥ ያለውን ቺንጋ ሁሉ ለካላት፤ አንዱ ይረዝማል፣ አንዱ ይጠባል። ዘሥላሴ ከጫጫ የወፍጮ ቤት ቺንጋ ሳይቀር አምጥቶ ሞከረ። ጠባሴ ሰፈር ሳይደርስ ጨሰበት። በገመድ አስጎትቶ ሲመለስ ሰፈሩ ሁሉ በር ላይ ወጥቶ ተቀበለው፤ እኔማ ወንበር ነው ያወጣሁት።

በመጨረሻ ያሕያ «አምሳያዋ ጎረቤላ ቆማለች፣ እነ ገብረ ጻድቅ ግቢ። አባታቸው በሕይወት እያሉ ትርፍ ቺንጋ ከእኔ አባት ሱቅ ወስደዋል» አለ። ዘሥላሴ ይህን ሲሰማ ደስ የሚለው መስሎን ነበር። ፊቱ ጠቆረ።

ምክንያቱም በወጣትነቱ የገብረ ጻድቅን እህት፣ ሰርካለምን፣ ሽማግሌ ልኮ ጠይቆ ነበር። ቤተሰቧ በመጀመሪያው ቀን «እንመካከርና ተመልሳችሁ ኑ» አሉ። በእኛ አገር የሴት ልጅ ወገን በመጀመሪያው ቀን እሺ አይልም፤ ካለ ልጅቷ የሚደበቅ ነገር ያለባት ይመስላል። ይህን ሕፃን ያውቀዋል፣ ዘሥላሴም ያውቀዋል። ግን በቀጠሮው ቀን ማንንም አልላከም። «እምቢ አሉኝ» ብሎ አስወራና የሔራንን እናት አገባ። ሰርካለም ጠላው ተጠምቆ፣ ሙክቱ ታስሮ ሽማግሌ ስትጠብቅ ዋለች። ከዚያ ወዲያ ማንም አልጠየቃት፤ ጀምረው የተዉአት ልጅ ምን ቢያገኙባት ነው ተባለ።

እንግዲህ በዚህ ፊት ራሱ መሄድ ስላልቻለ እኛን ላከ። ጋሼ ወልደ ሰንበት በዋዜማው ለገብረ ጻድቅ ደወሉና «ከዘሥላሴ ተልከን እንመጣለን» አሉት። «ለምን ጉዳይ?» ሲላቸው፣ «የሽምግልና ነገር በስልክ አይወራም» ብለው ዘጉት። ስልኩን ሲዘጉ አጠገባቸው ነበርኩ፤ በራሳቸው ኮርተው ነበር።

መጋረጃው ተገለጠና ሰርካለም ወጣች።

ጠጉሯን አዲስ ተሠርታለች። የሐበሻ ቀሚሷ ከሣጥን የወጣበት የእጥፋት መስመር አልለቀቀውም። ለጋሼና ለእኔ ጠላ፣ ለያሕያ ደግሞ ከሱቅ ያስመጣችውን ለስላሳ በትሪ ይዛ፣ ዓይኗን መሬት ላይ ጥላ ቆመች። ሃምሳን የዘለለች ሴት እንደ ኮረዳ አቀርቅራ ስትቆም ወዴት ይታያል? እኔ ጣሪያውን አየሁ። ጣሪያው ደህና ነበር።

ያሕያ አልቻለም። «ወላሂ፣ እኛ የመጣነው ለቺንጋው ነው» አለ።

«ለምኑ?» አለ ገብረ ጻድቅ።

ያሕያ የተበጠሰውን ከኪሱ መዞ አንጠለጠለውና የሔራንን ሠርግም፣ የመኪናዋንም ነገር ነገረው። ገብረ ጻድቅ ቺንጋውን አየ፣ እህቱን አየ፣ ከዚያ ሳቁ መጣ። ጉልበቱን እየመታ ሳቀ።

«ሰማሽ ሰርኬ? ለመኪናዋ ነው። እኔም እኮ ገርሞኝ ነበር። ከትናንት ጀምራ ግድግዳ ስትለቀልቅ፣ ጎረቤት ስትጠራ። በይ ግቢና ቀሚሱን አውልቂ፣ ጠላ እንዳይነካው።»

ጋሼ ነገሩን ሊያለዝቡ ብለው «አይ፣ እሷንማ አሁን በዚህ ዕድሜዋ ማን ብሎ…» ጀመሩና መሃል መንገድ ላይ ቀሩ። ከዚያ ተቀመጡ። እኛም ተቀመጥን፤ የምንቆምበት ምክንያት አልነበረንም።

ሰርካለም ቀሚሷን አላወለቀችም። መጠጡን ለየአንዳንዳችን አደለች፣ ጓዳ ገባች፣ በላስቲክ የተጠቀለለ ነገር ይዛ ተመለሰች። አባቷ ቮልሷን «ስትዳሪ ይዘሻት ትሄጃለሽ» ብለው የሰጡት ለእሷ ነው። መኪናዋ ዛሬ ግቢው ጥግ ዶሮ ትታቀፍባታለች፤ ትርፉ ቺንጋ ግን እንደታሸገ ነበር።

«ለካው» አለችው ያሕያን።

ያሕያ ፈታው። አጠፈው፣ ጠመዘዘው፤ ስንጥቅ የለውም። የተበጠሰውን ዙሪያውን አስኬደበት። ጫፍና ጫፉ ገጠመ። «አልሐምዱሊላህ» አለ፤ ዓይኑ እንባ አቅርሯል ብል አትመኑኝ፣ ግን ትንሽ ቀርቶት ነበር።

እጇን ዘረጋች፤ መለሰላት።

«አሁን ተነሡ» አለች።

«ምነው?» አሉ ጋሼ።

«ከቤቴ ነገር ፈልጋችሁ አይደል የመጣችሁት? ሽማግሌ ቆሞ ነው የሚጠይቅ።»

ገብረ ጻድቅ ሳቁን አቆመ። «ስጫቸውና ይሂዱ፣ አታድርቂን።»

«መኪናዋ የማን ናት?» አለችው። እኛ ተነሣን። ጋሼ ጉልበታቸውን ይዘው፣ ከዘራቸውን ተደግፈው ነው የተነሡት።

«ጠያቂው ምን ዓይነት ሰው ነው?» አለች።

«ጨዋ ነው። ሠርቶ አዳሪ» አሉ ጋሼ።

«የያዘውን ይጠብቃል?»

«በጣም እንጂ። መኪናዋን ብታዪ…»

«ቃሉንስ?»

ጋሼ ወደ እኔ ዞሩ። እኔ ወደ ጠላዬ። ይሄኔ የጋሼ ስልክ ጮኸ። ጆሯቸው ስለደከመ ስልካቸው ሁልጊዜ የሚያወራው ለቤት ሙሉ ሰው ነው።

«እህስ ጋሼ፣ ሰጡ?» አለ የዘሥላሴ ድምፅ።

«ገና ነው፤ ቆይ…»

«ማን ነው ያስቸገራችሁ? ያቺ ቆሞ ቀር ናት? ቆንጆ ነሽ በሏት በቃ። ወንድ ካናገራት ዘመን የላትም፣ እንኳን ቺንጋውን መኪናዋን ትመርቃለች።» ሳቀ። ከኋላው የሔራን ድምፅ መጣ፤ «አባዬ፣ ተገኘ?»

ጋሼ ቁልፉን ፍለጋ ስልኩን በአውራ ጣታቸው ሲደበድቡት ዘሥላሴ ራሱ ዘጋው።

የሰርካለም ፊት ላይ ምንም አላየሁም፤ እንዲታይም አልፈቀደች። ቺንጋውን ላስቲኩ ውስጥ መለሰችው። አፉን አጥብቃ ጠቀለለች።

«ጥያቄያችሁን ሰምተናል» አለች። «ተመካክረን መልስ እንሰጣለን።»

«እቴ፣ ስለ አላህ ብለሽ» አለ ያሕያ። «ልጅቷ እኮ ከቤት አልወጣም ብላለች።»

«ሰማኋት። ድምጿ ያምራል።»

«እሷ ምን አደረገችሽ የኔ ልጅ?» አሉ ጋሼ።

«ምንም።»

ወንድሟ ከለበሰችው ቀሚስ ጋር ዓይን ለዓይን የተጋጠመ ይመስል አንገቱን ደፋ። ጋሼ ወልደ ሰንበት ጋቢያቸውን አስተካከሉ። ዕድሜያቸውን ሙሉ የቤተሰብ መልስ ተቀብለው የወጡ ሰው ናቸው፤ እንዲህ ከተባለ በኋላ ክርክር እንደሌለ ከእሳቸው በላይ የሚያውቅ የለም። የቀራቸው የመጨረሻው ጥያቄ ብቻ ነበር።

«እሺ። መቼ እንመለስ?»

ሰርካለም ትንሽ አሰበች።

«እሑድ ይለፍና፣ ከሰኞ ጀምሮ በተመቻችሁ ቀን። እኔ የትም አልሄድም።»