የቢኒያም ኩሬ

"አይንቀሳቀሱ፣ አባት" አለች ዶክተር ሀያት። የአቶ ገብረየስን አፍንጫ በባትሪ እያየች ቀጭን መቆንጠጫ አስገባች። ልጃቸው ቢኒያም ትከሻቸውን ደግፎ ቆሟል። እሳቸው ሊጠይቁት ሀዋሳ ከመጡ ጀምሮ አፍንጫቸው ይደማል። እሱ ዕጢ ነው ብሎ ደምድሞ፣ አዲስ አበባ ሊወስዳቸው ከትምህርት ቤት ፈቃድ ጠይቆ ነበር።

ሐኪሟ ስትስብ ጥቁር ነገር እንደ ላስቲክ ተለጠጠ። ትሪው ላይ ሲወድቅ ተኮማተረ፤ ከዚያ ቀስ ብሎ መሄድ ጀመረ።

ነርሷ ወደ ኋላ አፈገፈገች። ቢኒያም ወደ ትሪው ጎንበስ አለ።

"አልቅት ነው" አለች ሀያት። "ከየት ውሃ ጠጡ?"

ሽማግሌው ልጃቸውን አየት አደረጉ። "አልጠጣሁም። ማለዳ ከኩሬው ነው የምታጠበው። ስጉመጠመጥ ገብቶ ይሆናል።"

ኩሬው ያለው ቢኒያም ጓሮ ነው። የባዮሎጂ መምህር ነውና ቆፍሮ፣ ላስቲክ አንጥፎ፣ ከወንዝ ዳር የውሃ ሣር አምጥቶ ተክሎበታል። ቀንድ አውጣው ከድንጋዩ ላይ አረንጓዴውን ሲግጥ፣ የውሃ ተርብ እጭ የትንኝ እጮችን ሲለቅም ለተማሪዎቹ በኩራት ያሳያል። ከሣሩ ጋር አልቅት ሊመጣ እንደሚችልም ያውቃል። ሰው፣ ያውም አባቱ፣ ከዚያ ውሃ ይጉመጠመጣል ብሎ ግን አስቦ አያውቅም።

ወደ ቤት ሲመለሱ ባጃጁ ውስጥ ቢኒያም ወደ አባቱ ዞረ።

"ወጥ ቤት በርሜል ሙሉ ውሃ አለ፣ አባባ። ለምን አልጠየቁም?"

"የቧንቧው ውሃ ከጠፋ ወዲህ ሚስትህ በጣሳ እየለካች ስትቆጥብ አያለሁ። ደግሞ በዚያ ማለዳ ማንን ልቀስቅስ? እንግዳ ሆኜ።"

"ልጅዎ ቤት እንግዳ ነዎት?"

አቶ ገብረየስ መንገዱን እያዩ አፍንጫቸውን በመሐረብ ነካ ነካ አደረጉ። "አልቅቱስ እንግዳ ሆኖ መች አፈረ" አሉ።

ቢኒያም መሳቅ አልቻለም።

ቤት እንደደረሱ ሚስቱ ዮርዳኖስ የምትጠይቀውን እንኳ ሳይመልስ አካፋ ይዞ ወደ ጓሮ ሄደ። የመጀመሪያውን አፈር ውሃው ውስጥ ሲጥል ቀንድ አውጣዎቹ ከድንጋዩ ተላቀው ሰመጡ።

"ተው" አሉ አባቱ ከኋላው። "ቤታቸው ነው። የገባሁባቸው እኔ ነኝ።"

አካፋውን እንደያዘ ቆመ። ውሃው እየጠራ ሲመጣ አንድ እጭ ከደለሉ ውስጥ ወጥቶ ሣሩ ላይ ተንጠለጠለ።

"ማለዳ በስንት ሰዓት ነው የሚነሱት?"

"አሥራ አንድ ላይ።"

ቢኒያም አካፋውን ግድግዳው ላይ አስደገፈ። ከበርሜሉ ማንቆርቆሪያ ሞልቶ ከማስታጠቢያው ጋር አባቱ ክፍል በር ላይ አስቀመጠ። ከዚያ ስልኩን አወጣና ማንቂያውን አሥራ አንድ ሰዓት ሩብ ጉዳይ ላይ ሞላው።