የአማቷ ስም

ቁጣዬ ቅርብ ነው። ሚስቴ ትለኛለች፤ ተማሪዎቼም ከኋላዬ ይሉኛል፤ አልክድም። ነሐሴ 1960 ዓ.ም. ዲላ፣ በማስተምርበት ትምህርት ቤት አንድ ክፍል ውስጥ፣ አፌን ዘግቼ እንድቀመጥ የታዘዝኩ ዕለት ግን ልፈነዳ ምንም አልቀረኝም።

ነገሩ እንዲህ ነው። አዲስ አበባ ካለ አንድ ኮሌጅ እንግሊዛዊ ፈታኝ ተላከ። እዚያ ለመግባት ማትሪክ ማለፍ ብቻውን አይበቃም፤ ሰውየው ፊት ቀርቦ እንግሊዝኛ ጮክ ብሎ ማንበብም አለ። በሒሳብ አንደኛ የወጣም ቢሆን እዚያ ከተንገዳገደ ወደ ቤቱ ነው። አስተማሪ ከኋላ መቀመጥ ይፈቀድለታል፤ ለተማሪው አንዲት ቃል ከተነፈሰ ግን ተማሪው ተሰረዘ። ፈታኙ ውጤት አይናገርም። የወደቀውን «አመሰግናለሁ፣ መሄድ ትችላለህ» ይለዋል። ላለፈው ሰማያዊ ቅጽ ያወጣና ይዞት የመጣውን አሳዳጊ ስም ይጠይቀዋል። ከጠዋት ጀምሮ ከገቡት ስድስት ወንዶች ሰማያዊውን ቅጽ ያየው አንዱ ብቻ ነበር።

ሰባተኛዋ ድንቅነሽ ነበረች፤ የኢዲዶ መንደር ልጅ። ስምንት ዓመት ሙሉ ሳስተምር እንደሷ ያለ ጆሮ አላጋጠመኝም። ከትምህርት ቤታችን ኮሌጅ የገባች ሴት አልነበረችም፤ የመጀመሪያዋ እሷ እንድትሆን ከእሷ ይልቅ የምጨነቀው እኔ ነበርኩ። ጥር ላይ ዳሯት። ከዚያ ወዲህ ክፍል ውስጥ አንብቢ ስላት ጉሮሮዬን አመመኝ ማለት አበዛች። ትዳር አደነዘዛት ብዬ ተናደድኩ፤ ፊት ለፊትም ነገርኳት። ደግነቱ አማቷ አቶ ዶሪ ትማር የሚሉ ሰው ናቸው። ያን ዕለትም በጭነት መኪና ይዘዋት መጥተው፣ ከተከፈተው መስኮት ሥር ባለው አግዳሚ ላይ ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ተቀምጠዋል።

ፈታኙ አንድ ገጽ ሰጣት። አንድ ሐኪም ከሴት ልጁ ጋር ወደ ቤቱ ሲመለስ ውሻው በሩ ላይ ተኝቶ ያገኘዋል፤ ይኸው ነው ታሪኩ። እሷ ከዚህ የከበደ ስንት አንብባለች። እፎይ አልኩ።

ጀመረች። ድምፅዋ ጥርት ያለ ነው። ሐኪሙ ላይ ስትደርስ ግን ቆም አለችና «በሽተኛ የሚያድነው ሰው» ብላ አለፈች። ውሻውን «የግቢው ጠባቂ» አለችው። በሩን «መግቢያው»፣ ሴት ልጁን «የወለዳት ልጃገረድ»። ሁሉም እንከን የሌለው እንግሊዝኛ ነው፤ ወረቀቱ ላይ ግን የለም። ፈታኙ በየቃሉ እርሳሱን ጫር ያደርጋል። አራት፣ አምስት፣ ስድስት ጊዜ። እጆቼን ጭኔ ሥር ከተትኳቸው። ምን ነካት ይቺ ልጅ፤ የስንት ዓመት ድካሜን ልታቃጥልብኝ ነው።

ፈታኙ ወረቀቱን በጣቱ መታ መታ አደረገ። «የምታነቢው ያልተጻፈውን ነው። አንድ ጊዜ ደግሜ እሰጥሻለሁ። የተጻፈውን ብቻ አንብቢ፤ ከዚህ በኋላ ዕድል የለም።»

ድንቅነሽ ወረቀቱን አላየችም። መስኮቱን አየች። ዓይኗን ተከትዬ ሳይ የአቶ ዶሪ ሽበት ብቅ ብሎ ይታያል፤ ያኔ ገባኝ።

ጎረቤቴ ሸዋነሽ ትዝ አለችኝ። የአማቷ ስም በራሶ ስለሆነ ሱቅ ሄዳ በርበሬ አትልም፤ «ቀዩን ስጡኝ» ነው የምትለው። እዚህ ጌዴኦ አገር ያገባች ሴት የአማቷን ስም አትጠራም፤ በስሙ መነሻ የሚጀምር ቃልም ከአፏ አይወጣም። ለእነሱ ክብር ነው። እኔ ግን ይህን ክፍል ውስጥ እንደ ቀልድ አውርቼ ተማሪ አስቄበታለሁ። ድንቅነሽ ያን ቀን ከፊት ወንበር ተቀምጣ ነበር፤ አልሳቀችም። ከዚያ ወዲያ እንዴት ብላ ትንገረኝ? ሐኪሙም፣ ሴት ልጁም፣ ውሻውም፣ በሩም በእንግሊዝኛ መነሻቸው እንደ ዶሪ «ዶ» ነው።

መናገር አልችልም፤ መውጣት ግን ማን ይከለክለኛል። ተነስቼ ወጣሁ። አግዳሚው አጠገብ ቁጢጥ ብዬ፣ ቃል ስውጥና ስተፋ፣ ነገሩን ለአቶ ዶሪ አስረዳኋቸው። በስማቸው ምክንያት ልትወድቅ እንደሆነም ነገርኳቸው።

«በፈረንጅ አፍም ይቆጠራል?» አሉኝ።

እሷ ቆጥራዋለች አልኳቸው። ምራት እንድትጠራው ስም የሚፈታው ዘመድ ተሰብስቦ፣ ለሙሽራዋ ከብት ተሰጥቶ እንጂ እንዲህ ደጃፍ ላይ እንዳልሆነ ቀስ ብለው ነገሩኝ። ከውስጥ የፈታኙ ወንበር ሲንቀጫቀጭ ሰማሁ፤ ሊነሳ ነው። ልለምናቸው አፌን ስከፍት ባርኔጣቸውን አግዳሚው ላይ ትተው ተነሱ።

በሩ ላይ ቆሙ። ድንቅነሽ አንገቷን ደፋች። በጌዴኦኛ ተናገሯት፤ እኔም በስምንት ዓመት የለቀምኩት ቋንቋ ያንን ለመስማት በቃኝ።

«ልጄ፣ ስሜን ፈትቼልሻለሁ። ነጯ ጊደር ያንቺ ናት። እኚህ ሁለቱ ምስክር ናቸው። የተጻፈውን አንብቢ።»

ምስክር የተባልነው እኔና እንግሊዛዊው ነን። ምን አሉ ብሎ ጠየቀኝ። መረቋት አልኩት። ሰዓቱን አየና ቀጥይ አላት። አቶ ዶሪ ወደ አግዳሚያቸው፣ እኔም ወደ ወንበሬ ተመለስን።

ድንቅነሽ ከመጀመሪያው ጀመረች። «ዶክተር» ስትል ድምፅዋ ሊጠፋ ደረሰ። ሁለተኛው ላይ ትንሽ ከፍ አለ። በሩ ጋ ስትደርስ እንባዋ ይወርዳል፤ ንባቡ ግን አልተቋረጠም፤ እስከ መጨረሻው ነጥብ አነበበችው። እኔም አለቀስኩ፤ ምን እደብቃለሁ።

ፈታኙ የጫራቸውን መስመሮች ትክ ብሎ አየ። እርሳሱን አስቀመጠ። «አመሰግናለሁ» አለ። የወደቁትን የሚሸኝበት ቃል ነው። እጁን ወደ መሳቢያው ሰደደና ሰማያዊውን ቅጽ አወጣ።

«ይዞሽ የመጣው አሳዳጊ ማን ይባላል?»

ድንቅነሽ ወደ እኔ ዞረች። እኔ ልመልስላት አልችልም። ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ፤ ድምፅ አልወጣም። ሰውየው አልሰማሁም፣ ጮክ በይ አላት።

«ዶሪ» አለች።

«አቤት» አሉ ሽማግሌው ከውጭ።