የተለወጠው መነጽር

ልጄ በመዋኛ ገንዳ ዳር ተቀምጣ ዋናተኛ እንዳይሰጥም ትጠብቃለች። ባለፈው ሳምንት ለሥራ የምታደርገው የፀሐይ መነጽሯ ላይ ሳላይ ተቀመጥኩና አንዱ መስታወት ተሰነጠቀ። እንዳትቆጣ ፈርቼ ቁርጥ እሱን የመሰለ፣ እንዲያውም ጠቆር ያለ ገዝቼ ቦርሳዋ ውስጥ ከተትኩላት። "ከጠቆረ ምን ይጎድለዋል?" አልኩ ለራሴ።

ትናንት አንድ ሕፃን ሰጠመ። ሌላ ዋናተኛ ጎትቶ አወጣው፤ እግዜር ይመስገን ነፍሱ ተርፋለች። ልጄ ግን ገንዳውን ቁልቁል እያየች አላየችውም።

"እማዬ፣ ዓይኔ ሳይበላሽ አልቀረም" አለችኝ ቤት ስትገባ። "ውሃው ሲያብረቀርቅብኝ ዋለ።"

"መነጽር አድርገሽ የለ እንዴ?"

"እሱ እኮ ነው የገረመኝ! የፀሐይ ብርሃን በሁሉም አቅጣጫ ይርገበገባል። ከውሃ ላይ ነጥሮ ሲመጣ ግን አብዛኛው ወደ ጎን ብቻ ነው የሚርገበገበው። የኔ መነጽር ያንን ለይቶ ያግዳል፤ የገንዳው ወለል ፍንትው ይልልኛል። ተራ ጥቁር መነጽር ግን ሁሉንም እኩል ያጨልማል።"

"እስቲ ዓይንሽን ታከሚ" አልኳት። ምነው ምላሴን በቆረጠው!

ዛሬ የገንዳው ኃላፊ ከሥራ ሊያሰናብታት ሲጠራት ተከትያት ገባሁ።

"እናቴ፣ የወላጆች ስብሰባ እኮ አይደለም" አለኝ።

የተሰነጠቀውን መነጽር ከመሐረቤ ፈታሁ። "በደህናው መስታወት ገንዳውን ይዩልኝ።"

በተከፈተው መስኮት አየ። "ወለሉ ጥርት ብሎ ይታያል" አለ።

"አሁን መነጽሩን ወደ ቁም ያዙሩት።"

አዞረው፤ ዓይኑን ጨፈን አደረገ። "ብልጭታው መጣ!"

የገዛሁትን ሰጠሁት። ቢያዞረው ቢያገላብጠው ብልጭታው ያው ነው።

"ማነው የለወጠው?"

"እኔ ነኝ። እሷ አታውቅም።"

ኃላፊው ተነፈሰና ልጄን "ወደ ሥራሽ ተመለሽ" አላት። እሷ ግን እኔን ነው የምታየው።

"ትናንት ስነግርሽ ገብቶሽ ነበር?"

"አዎ።"

"እና ዓይንሽን ታከሚ ትይኛለሽ?"

ኃላፊውን የሕፃኑ ቤት የት እንደሆነ ጠየቅኩት። ልጄ አብሬሽ ልሂድ አላለችኝም፤ እኔም ነይ ለማለት አፍ አልነበረኝም። መንገዱን ሙሉ የሕፃኑን እናት "እህቴ" ልበላት ወይስ "እመቤቴ" እያልኩ ሄድኩ። በሩን የከፈተችልኝ ሕፃኑን እንዳቀፈች ነበር።