እናቴን የማነሳበት መንገድ

ወፍጮ ቤት «ክሬኑ» ይሉኛል። ከባድ አነሳለሁ፣ አልናገርም፤ ከክሬን በምን ይለያል ነው ነገሩ። ጆንያ የሚነሳው በእቅፍ ነው። ሆድህ ላይ ታስጠጋዋለህ፣ ደረትህ ላይ ታጣብቀዋለህ፣ ከዚያ በአንድ ትንፋሽ ብድግ። ከሰውነት የራቀ ሸክም ወገብ ይቆርጣል ብሎ ያስተማረኝ የወፍጮው ባለቤት ነው።

እናቴንም የማነሳት እንደዚያው ነበር። እግሯ ከከዳት ሁለት ዓመት ሆነ። ጠዋት ከአልጋ ወደ ወንበር፣ ማታ ከወንበር ወደ አልጋ። እሷ ክንዶቿን አንገቴ ላይ ትጠመጥማለች፣ እኔ ጎኗን አቅፌ ብድግ አደርጋታለሁ። ታላቅ እህቴ ገና ከጅምሩ፣ «ወንድ ልጅ እናት ማስታመም አይችልበትም። አንድ ነገር ብትሆን ያኔውኑ ወደ እኔ ቤት ነው የምወስዳት» ብላኛለች። የእሷ ቤት ከተማው ማዶ ነው፤ ሁለት አውቶቡስ ያስቀይራል፣ ከሥራ በኋላ ደርሼ መመለስ አልችልም። እናቴ ደግሞ ከቤቷ መውጣት አትፈልግም። እኔም ያለ እሷ ቤቱን ምን እንደማደርገው አላውቅም።

ባለፈው ሳምንት ጎኗን ያማት ጀመር። ስትተነፍስ ይወጋታል፣ ስታስነጥስ ፊቷ ይለዋወጣል። ጎረቤታችን «ብርድ ነው» አለች። መድኃኒት ቤት የሚሠራው ሰውዬ ጨጓራ ይሆናል ብሎ ሽሮፕ ሰጠኝ። እህቴ በስልክ «ኩላሊት ነው፤ ውሃ መቼ ታጠጣታለህ» አለች። በአራተኛው ቀን ራሷ መጣችና እናታችንን ይዘን ሐኪም ቤት ሄድን።

ሐኪሙ ቀጭን ወጣት ነው። የጎን አጥንቶቿን በጣቱ አንድ በአንድ እየተጫነ ይጠይቃት ጀመር።

«ትኩሳት አለዎት እማማ? አክታስ?»

«የለኝም ልጄ።»

እንግዲያው ሳንባ ምች አይመስልም አለ። ቅባት ስትበላ ይብስባት እንደሆነም ጠየቀ፤ ሐሞት ከረጢት ሲታመም እዚህ ድረስ ይሰማል። ልብሷን ገለጥ አድርጎ ቆዳዋን አየ። አልማዝ ባለጭራ የሚባለው በሽታም ሽፍታው ሳይወጣ ቀድሞ ጎን ያቃጥላል አለ። እያንዳንዱን በሽታ ሲጠራ በልቤ እሱ ይሁን፣ እሱ ይሁን እል ነበር። በሽታ ከሆነ ጥፋተኛ አይፈለግለትም።

ቀኝ ጎኗ ላይ ሲደርስ እናቴ የሻሿን ጫፍ ነከሰች።

ያንን አነካከስ አውቀዋለሁ። ከአምስት ወር ወዲህ ባነሳኋት ቁጥር ሻሿን ትነክሳለች። ሳቋን የምታፍን ይመስለኝ ነበር።

ራጅ ተነስታ ስንመለስ ሐኪሙ ራጁን መስኮቱ ላይ ወደ ብርሃን ያዘው። «ይሄ አዲስ ስንጥቅ ነው። እነዚህ ሁለቱ ግን የቆዩ ናቸው፤ ተሰብረው ራሳቸው የገጠሙ። ወድቀው ነበር?»

«የት ቆሜ ልወድቅ?» አለች እናቴ።

«የመታዎት ሰው አለ?»

እህቴ ወደ እኔ ዞረች።

«ይሄ?» አለች እናቴ። «ይሄማ ዝንብ ሲያባርር እንኳ ይቅርታ የሚጠይቅ ነው።»

ሐኪሙ አልሳቀም። «አጥንትዎ ሳስቷል። የሳሳ አጥንት ሳይመቱትም ይሰነጠቃል፤ ጠንከር ያለ ሳል፣ ጠበቅ ያለ እቅፍ ይበቃዋል። ከአልጋ ማን ነው የሚያነሳዎት?»

«ራሴ ነኝ የምነሳው» አለች ቶሎ ብላ። ዓይኗ ግን እኔ ላይ ነበር፤ ዝም በል የሚል ዓይን። ዝም ማለት ደግሞ አያቅተኝም። ዝም ብል እናቴ ቤቷ ትመለሳለች። ነገ ጠዋትም አቅፌ አነሳታለሁ።

«እኔ ነኝ» አልኩ።

«እንዴት አድርገህ?»

ማስረዳት አቃተኝ። ስለዚህ ሐኪሙን አቅፌ ብድግ አደረግሁት። እግሩ መሬቱን ለቀቀ፣ እስክሪብቶው ወደቀ።

«ገባኝ» አለ ትንፋሽ አጥሮት። «አውርደኝ።»

እናቴ ሳቀችና ወዲያው ጎኗን ያዘች።

«ሦስት አጥንት» አለች እህቴ። «ሦስቱንም ዝም አልሽ እማዬ?»

«ብናገር ትወስጂኛለሽ።»

እህቴ የወደቀውን እስክሪብቶ አንስታ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው።

ሐኪሙ አነሳሱን አሳየኝ። አንድ ክንድ ከጀርባዋ፣ አንዱ ከጉልበቷ ሥር፤ አስቀድሞ ጠይቆ፣ ትንፋሿን ጠብቆ፣ ጎኗን ሳይጫኑ። ስንጥቁ በስድስት ሳምንት ይገጥማል አለ። ለአጥንቷም መድኃኒት ጻፈ።

በር ላይ ታክሲ ቆሟል። እህቴ ከሐኪም ቤቱ ተሽከርካሪ ወንበር ልታነሳት ብብቷ ሥር ያዘቻትና መሃል ላይ ቀረች። የእናቴ አንድ ጫማ ወለቀ። መልሳ አስቀመጠቻት።

እናቴ እጆቿን ወደ እኔ ዘረጋች። እኔ ግን አልተጠጋሁም።

«ና እንጂ» አለች። «ስንት ጆንያ የተሸከመ ሰው እኔን ፈራ?»

እንደተማርኩት አነሳኋት፣ ቀስ ብዬ። ለካ የጆንያ ሩብ አትሞላም። አፏን አየሁ፤ የሻሿ ጫፍ ትከሻዋ ላይ ተንጠልጥሏል። እህቴም አየችው። የታክሲው የኋላ ወንበር ላይ አስቀመጥኳት፣ ጫማዋን አደረግሁላት።

እህቴ ገብታ ከጎኗ ተቀመጠችና በሩን ሳበች። እኔ ውጭ ቀረሁ።

«ወዴት ነው?» አለ ሾፌሩ።

እህቴ የራሷን ሰፈር ነገረችው። እናቴ እጇን ወደ ትከሻዋ ሰደደችና የሻሿን ጫፍ ወደ አፏ ወሰደች።