የሼህ ኑርሁሴን መኝታ

“ቆይ፣ አብዱልወሀብ፣ ዶማውን አውርደው” አለች ዘይቱና ድምጿን ዝቅ አድርጋ።

ግንበኛው ዶማውን በአየር ላይ እንደያዘ ዞር ብሎ አያት። ከቤቱ ጀርባ፣ ከአቀበቱ ሥር፣ ለአዲሱ ክፍል መሠረት እስከ ጉልበት የሚደርስ ጉድጓድ ቆፍሯል። ዘይቱና ግን ዓይኗን የተከለችው አጥሩ ላይ ነበር። ከአጥሩ ማዶ የቀበሌው የቤቶች ኮሚቴ አባል ፈንታሁን ቆሞ የተቆለለውን አፈር ያያል።

በሰኞ ገበያ ሰፈር ፈንታሁንን የማይፈራ ካለ ወይ ሕፃን ነው፣ ወይ እንግዳ። ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም፤ ሰላምታውም ጥሩ ነው። ትርፍ ቤት የሚቆጥረው እሱ መሆኑ ነው ክፋቱ። ትርፍ ቤት ይወረሳል የሚለው አዋጅ ከወጣ ወዲህ የከተማው ሰው የገዛ በሩን ሲቆጥር ያድራል። የጎረቤቷ የወርቅነሽ ሰርቪስ ለብቻው በር አለው ተብሎ ባለፈው ዓመት ተወረሰ። ዛሬ ከወዴት እንደመጡ የማይታወቁ ሰዎች ይኖሩበታል፤ ወርቅነሽም በገዛ ግቢዋ ድምጿን ከፍ አድርጋ አታወራም።

“እንደምን አደርሽ፣ እትዬ ዘይቱና። ምን ልትሠሩ ነው?”

“ኩሽና” አለች። አስባበት አይደለም፣ ካፏ አመለጣት እንጂ። “የድሮው ጠበበን።”

“ኩሽና ከሆነ ችግር የለውም። መጥቼ እመዘግበዋለሁ። መኝታ ቤት ቢሆን ኖሮ ፕላን ይጠየቅ ነበር፤ በሩም ወዴት እንደሚከፈት ይታይ ነበር።” ፈገግ ብሎ ቁልቁል ወረደ።

ዘይቱና ከድንጋዩ ክምር ላይ ተቀመጠች። መኝታ ቤት ነበር የምታሠራው። በሩም የሚከፈተው ወደ ውጭ ነበር።

ክፍሉ ለሼህ ኑርሁሴን ነው፤ ለባሏ ለየሱፍ አባት። ሽማግሌው ሚስታቸው ከሞተችባቸው በኋላ ከገጠር ወደ ልጃቸው ቤት መጡ። ቤቱ ሁለት ክፍል ብቻ ነው። ሞቅ ይበላቸው ተብሎ የውስጠኛው ተሰጣቸው። ሌሊት ወደ ውጭ ለመውጣት ግን ዘይቱናና ሴት ልጆቿ የተኙበትን ማቋረጥ ሊኖርባቸው ነው። ምራታቸው በተኛችበት ማለፍ ነውር ሆነባቸውና ሽንታቸውን ቋጥረው ማደር ጀመሩ። ክፍል ቢለዋወጡ ደግሞ ሴቶቹ በእሳቸው በኩል ሊያልፉ ነው፤ ዱዓ ሊያስደርጋቸው የሚመጣ ሰውም አይጠፋም። ለማንም ሳይናገሩ ከረሙና አንድ ቀን ተዝለፍልፈው ወደቁ። ሐኪሙ ኩላሊታቸው ተጎድቷል፣ ሽንት መቋጠር ይቅርባቸው አለ። ዘይቱና ያን ቀን እንደ ልጅ ነው ያለቀሰችው። ለእሷ ከወለዳት አባቷ የሚያንሱ ሰው አልነበሩም።

የሱፍ የጭነት መኪናውን ይዞ ወደ አሰብ ሲወርድ፣ “በዝምታ ከጀርባ አሠሪው” ብሏት ነበር። “መሐንዲስ የሚባል ነገር እንዳታመጪብኝ። ፕላን ካለ ቀበሌ አለ።”

አሁን ግን አብዱልወሀብ ዶማውን ተደግፎ፣ “አንድ ነገር ልንገርሽ” አላት። “ይህ አቀበት ውኃ ይዟል። ከዚህ በላይ ብቆፍር ግድግዳው እንዳይከተለኝ እፈራለሁ። ወላሂ፣ ልጆች በተኙበት ቤት አልቀልድም። ኮምቦልቻ አንድ መሐንዲስ አውቃለሁ፤ ሄደሽ አማክሪው።”

ዘይቱና ነጠላዋን ለበሰችና አውቶቡስ ተሳፈረች። መንገዱ እየተጠማዘዘ ወደ ኮምቦልቻ ሲወርድ ሙቀቱ ጨመረ።

መሐንዲሱ ወልደ ሚካኤል አዲስ በሚሠራ ፋብሪካ ቅጥር ውስጥ ነው የሚሠራው። የመጣችበትን ሲሰማ ከቢሮው አውጥቶ ከአንድ ዛፍ ሥር ወሰዳት።

“ማን ነው የላከሽ?”

“ማንም አልላከኝም። ስምዎን የነገረኝ ግንበኛችን ነው።”

ግራና ቀኙን አየ። “የመንግሥት ሠራተኛ ነኝ። አለቃዬን ሳላስፈቅድ የግል ሥራ ይዤ ብገኝ መዘዙ ለእኔም ከባድ ነው።”

ይህን ያህል የተማረ ሰውም ይፈራል ማለት ነው። ዘይቱናን ያጽናናት መስሏችሁ እንደሆነ አላጽናናትም፤ ባሰባት። ቢሆንም ሁሉንም ነገረችው፤ ስለ ሽማግሌው፣ ስለ ጉድጓዱ፣ ኩሽና ስለማለቷም ሳይቀር። ወልደ ሚካኤል ጎንበስ ብሎ በእንጨት አፈሩ ላይ ማስመር ጀመረ።

“ግንበኛሽ እውነቱን ነው። በጀርባ ከቆፈራችሁ ክረምት ሲገባ አቀበቱ ቤቱን ይዞ ይመጣል። በጎን መሆን አለበት፤ እዚህ ጋ።”

“በጎን ከሆነ ከመንገድ ይታያላ።”

“ይታያል።”

“በሩስ?”

“ወደ ውጭ ብቻ ከተከፈተ ራሱን የቻለ ቤት ነው ይሏችኋል። እኔ ሁለት በር አደርግለታለሁ፤ አንዱ ወደ እናንተ፣ አንዱ ወደ ግቢው። የቤታችን አካል ነው ብላችሁ ለመከራከር ይረዳችኋል።”

“ይሰሙናል?”

“እሱን አላውቅም፣ እህቴ። እኔ የማውቀው ግድግዳ ነው።” እንጨቱን ጣለው። “ከፈለግሽኝ አለቃዬን አስፈቅጄ እሁድ መጥቼ እለካለሁ። ፕላኑ ላይ ስሜ ይሰፍራል፤ ለማዘጋጃ ቤትም ይገባል። ከዚያ በኋላ ኩሽና ነው ማለት አይቻልም። አስቢበትና ላኪብኝ።”

ስትመለስ አውቶቡሱ ዳገቱን እያቃሰተ ወጣ። ባይወጣ በወደደች። መሐንዲሱን ብትጠራ ቤቱ ሊወረስ ነው፤ ብትተወው ቤቱ ሊናድ ነው። ሁለቱንም ብትሸሽ ሽማግሌው እዚያው ውስጥ ሽንታቸውን ቋጥረው ሊሞቱ ነው። ባሏንም አሰበችው። ተመልሶ ከበሩ ላይ እንግዳ ሰው ሲያገኝ ምን ይላታል?

ግቢ ስትገባ ሼህ ኑርሁሴን ከደጅ ተቀምጠዋል። መስገጃቸውና ቡልኳቸው ተጠቅልሎ አጠገባቸው ተቀምጧል።

“መጣሽ፣ ልጄ? ወደ አገሬ የሚወስደኝ የገራዶው መኪና ወጥቶ ይሆን?”

“ምነው አባባ? ምን አጠፋሁ?”

“ምንም። ጠዋት ኩሽና ነው ስትይው ሰማሁሽ። በውሸት በቆመ ቤት ሶላቴ አይያዝልኝም። አንቺንም በእኔ ሰበብ ውሸት አላስለምድሽም።”

“ፈርቼ እኮ ነው። አፉ ይበሉኝ።”

“መፍራት ሐራም አይደለም፣ አብሽሪ። እኔም ፈርቼ ነው የምሄደው። የልጄን ቤት አስወርሼ መሞት ያስፈራኛል።”

ገጠር ያለው ቤታቸው ባዶ ነው። ውኃ የሚያቀብላቸው እንኳ የለም፤ ይህን እሳቸውም እሷም ያውቃሉ። ዘይቱና እንባዋ መጣ። ጥቅሉን አንሥታ ወደ ውስጥ አስገባችና ወደ ጓሮ ዞረች። አብዱልወሀብ ዕቃውን እየሰበሰበ ነበር።

“ጉድጓዱን መልሰህ ድፈነው” አለችው። “ለመሐንዲሱም እሁድ ይምጣ ብለህ ላክበት።”

“የሱፍስ?”

“የሱፍ ሲመጣ እኔን ይጠይቅ።”

ከዚያ ነጠላዋን አጥብቃ ወጣች። ፈንታሁን ቤት ሩቅ አልነበረም፤ የዚያን ቀን ግን በጣም ቀረባት። ልመለስ፣ ልመለስ እያላት በሩን አንኳኳች። ፈንታሁን ራሱ ከፈተ።

“ጠዋት ኩሽና ያልኩህ ዋሽቼ ነው” አለችው፣ ሰላምታም ሳታስቀድም። “ለአማቼ መኝታ ነው። በጎን፣ ከመንገድ በሚታየው በኩል ነው የምንሠራው። እሁድ መሐንዲስ ይመጣል። አንተም ና፤ ሲለካ ቆመህ እይ።”

ፈንታሁን በሩን እንደያዘ አያት። በዚህ ሥራው ሰው ሲደብቀው እንጂ ሲጠራው ለምዶ አያውቅም።

“በሩስ?” አለ በመጨረሻ። “ወዴት ነው የሚከፈተው?”

ወደ ውስጥ ነው ብትለው ቢያንስ ዛሬን በሰላም ታድር ነበር።

“ሁለት በር አለው” አለች። “አንዱ ወደ እኛ። አንዱ ወደ ውጭ።”