የሌላንድ ፒካን በሂዩስተን መንገድ ላይ

እሑድ ከሰዓት በኋላ ቴክሳስ ውስጥ ሰው የተባለ ሁሉ ቴሌቪዥን ላይ አፍጥጦ ኳስ ያያል። መንገዱ ጭር ይላል፤ የሸሪፉም ቀልብ እዚያው ነው። ይሄን ደግሞ ከሌባ በላይ የሚያውቅ የለም።

ቨርና ሳይክስ ኳስ አታይም። ፎርት ዎርዝ ካለው ቢሮ ስክሪን ፊት ተቀምጣ ሹፌር የሌላቸውን፣ በራሳቸው የሚሄዱ ከባድ መኪኖች ትጠብቃለች። ዕድሜዋን መሪ ጨብጣ የኖረች ሴት ናት። ወገቧ አልታዘዝ ሲላት ወደዚህ ወንበር መጣች፤ የድሮ ሹፌር ጓደኞቿም ከዳችን ብለው ተቀየሟት።

ዛሬ ዓይኗ ካንዲት መኪና ላይ አልነቀል ብሏል። የጫነችው የወንድሟን የሌላንድን ፒካን የተባለ ለውዝ ነው፤ የዓመት ልፋቱን በሙሉ። እሱ ሂዩስተን ወደብ ላይ ቆሞ ይጠብቃል። ሌላንድ በዚህች መኪና ለመጫን ሲያመነታ፣ "እኔ አለሁልህ፣ በዓይኔ እሸኘዋለሁ" ብላ ያግባባችው እሷ ናት። ኢንሹራንሱ ደግሞ ሰው ከሌለበት መኪና ለተሰረቀ ዕቃ አይከፍልም። ይሄ ጭነት ከጠፋ የአባታቸው እርሻ ይሸጣል፤ በቃ።

ስክሪኑ ላይ ሁለት ፒካፖች ከተፍ አሉ። አንዱ ከፊት ገብቶ ፍሬን ይይዛል፣ ይለቃል፣ ደግሞ ይይዛል። ሹፌር ቢኖር ጡሩምባውን እያምባረቀ፣ እየተሳደበ ጥሶ ያልፍ ነበር። ይቺ ግን ጨዋ ናት! የረበሻት ነገር ካለ ቅርብ ወዳለው የመንገድ ዳር ማረፊያ ገብታ እንድትቆም ነው የተሠራችው። ገብታ ቆመች። ጨዋነቷ ይቃጠል! ሌቦቹም የፈለጉት ይህንኑ ነበርና ብርቱካንማ የመንገድ መዝጊያ ኮን ከፊቷ ደረደሩባት። ኮን ካየች ንቅንቅ አትልም። አንደኛው የብረት መቁረጫ ይዞ ወደ ኋላው በር ዞረ።

ቨርና ሸሪፉ ጋ ደወለች። "መጣን፣ ግን ሩቅ ነን" አሏት። አለቃዋ ፕሬስኮት ከኋላዋ መጥቶ ቆሟል።

"አሳውቀሻል፤ ከዚህ በኋላ መጠበቅ ነው" አላት።

"ወንድሜን እየዘረፉት ቁጭ ብዬ ልይ?"

"ምን ታመጫለሽ ታዲያ? ከዚህ ሆነሽ መሪ አትጠመዝዢ!"

ከባድ መኪና የነዳ ሁሉ የሚያውቃት ዘዴ አለች። ውድ ዕቃ ጭነህ ስትቆም የኋላ በርህን ከሌላ መኪና የኋላ በር ጋር ታጣብቀዋለህ። ጣት እንኳን አይገባም፤ በሩን የሚከፍት ወንድ የለም። ለዚህ ግን አጠገብህ የሚቆምልህ ሰው ያስፈልጋል። እሑድ እሑድ በዚያ መንገድ የሚመላለስ አንድ ሰው ታውቃለች፤ ሩፈስ ጊድሪ። ይሄን ወንበር ከያዘች ወዲህ፣ ስሟን አታንሱብኝ ያለው እሱ ነው። ኩራቷን ዋጥ አድርጋ ደወለች።

"ምን ፈለግሽ?"

"የት ደረስክ?"

"ምን አገባሽ?"

"ማዲሰንቪል ማረፊያው ላይ ሌቦች መኪናዬን ይዘዋታል። በርህን በበሯ ላይ ግጠምልኝ፤ በሞቴ!"

የመረረ ሳቅ ሳቀ። "እሰይ! ጎማዋንም ይንቀሉላት! እንጀራዬን የነጠቀችኝን ነው እንዴ የምጠብቅልሽ?"

"የጫነችው የሌላንድን ፒካን ነው።"

ሳቁን ገታ። "ያንን የዋህ እዚህ ጣጣ ውስጥ ማን ከተተው?"

"እኔ።"

"አይ አንቺ!" አለ። ስልኩን አልዘጋም፤ ማርሽ ሲቀይር ሰማችው።

በመኪናዋ የኋላ ካሜራ የበሩ ቁልፍ ተቆርጦ ሲወድቅ አየች። በሩ ገርበብ ማለት ሲጀምር የጊድሪ ተሳቢ እየጮኸ በኋላ ማርሽ መጣ። ሌባው ዘሎ አመለጠ፣ በሩም ጓ ብሎ ተዘጋ። እንዲህ ነው እንጂ! ቨርና ጠረጴዛውን በቡጢ መታችው።

ደስታዋ ብዙ አልቆየም። ሌቦቹ ወደ ጊድሪ መስኮት ሮጡ። "አንሳ መኪናህን!" ሲሉት በስልኩ ይሰማታል። "ቁልፉን የት እንዳደረግኩት ጠፋብኝ" ይላቸዋል፣ ይሄ ቀልደኛ። መስታወቱ ተሰባበረ።

"ጊድሪ፣ ሂድ!" ጮኸች። "ይውሰዱት! ለውዝ ነው፣ ለውዝ ብቻ ነው!"

"ግጠም አልሽኝ፣ ገጠምኩ። አሁን ዝም በይልኝ።"

ሌላ ምት አረፈ፤ ሲያቃስት ሰማችው። እኔ ነኝ የጠራሁት፣ እኔ ነኝ ያስመታሁት አለች በልቧ። የመኪናዋን ጡሩምባና መብራት በሙሉ ለቀቀችው፤ አካባቢው ቀውጢ ሆነ። በዚያ መሃል የሸሪፉ ሳይረን ሲቀርብ ሌቦቹ ፒካፖቻቸው ላይ ዘለው እግሬ አውጪኝ አሉ።

"ጎበዝ!" አለ ፕሬስኮት እጁን እያሻሸ። "በይ አሁን ሰውዬውን ገለል በል በይው፤ መኪናዋ ዘግይታለች።"

ቨርና ዞራ አየችው። "ሰውዬው ፊቱ ደምቷል። ሐኪም ሳያየው ይቺ መኪና ካለችበት አትነሳም። ከፈለግህ አባረኝ።"

መልሱን አልጠበቀችም። ሌላንድ ጋ ደወለች።

"ፒካንህ ተርፏል። እሱን ተወውና አሁኑኑ ማዲሰንቪል ሂድ፤ አንተ ከኔ ትቀርባለህ። ጊድሪን ሆስፒታል ይዘውት ይሄዳሉ፤ አጠገቡ የሚሆን ሰው የለውም።"

"የትኛው ጊድሪ? ያ ስምሽን አታንሱብኝ ያለው?"

"አዎ፣ እሱ" አለች ቨርና፤ ለቅሶዋም መጣ።