የሆቴሉ ዩኒፎርም

የወርቅውሃ ካሊፎርኒያ፣ ኦክላንድ ውስጥ ልብስ ስፌት ቤት ከከፈተች አራት ዓመቷ ነበር። ከመንገዱ ማዶ የጋሽ መንገሻ ላውንደሪ አለ። መጀመሪያ ላይ ደንበኛ ይላላኩ ነበር። በኋላ እሳቸው የራሳቸውን ልብስ ሰፊ ቀጠሩ። እሷም ተናዳ «ልብስ እናጥባለን» ብላ ለጠፈች፤ የተቀበለችውን ግን ሳን ሊያንድሮ የሚባል ጎረቤት ከተማ ላውንደሪ ወስዳ ታሳጥባለች። ከዚያ ወዲህ ቤተ ክርስቲያን ሲገናኙ እንኳ ሰላምታቸው ከአንገት በላይ ሆነ።

እ.ኤ.አ. በ1986 አንድ ትልቅ ድርጅት ማዕዘኑ ላይ ቅርንጫፍ ከፈተ። ያጥባል፣ ይተኩሳል፣ ይጠግናል፤ ጠዋት የተቀበለውን ከሰዓት ይመልሳል። በሁለት ወር ውስጥ የሁለቱም ደጅ ጭር አለ።

ሳን ሆሴ ከተማ ሆቴል ውስጥ የምትሠራ ሀረገወይን የምትባል የወርቅውሃ ደንበኛ፣ ሆቴሉ የሠራተኞቹን ዩኒፎርም አጥቦ የሚጠግን እንደሚፈልግ ነገረቻት። ብቻዋን የምትችለው አልነበረም። ሁለት ቀን አሰበችበትና በሦስተኛው መንገዱን ተሻገረች።

ጋሽ መንገሻ ሸሚዝ እያጠፉ ነበር። ነገሩን ነግራቸው እስክትጨርስ ቀና አላሉም።

«ለምን ሳን ሊያንድሮ አትወስጂውም?»

«እነሱ አብረውኝ ኮንትራት አይፈርሙም። ደግሞ እንደ እርስዎ የሚተኩስ አላየሁም።»

ሸሚዙን አስቀመጡት። «ልብስ ሰፊዬ ከሄደ ወር አለፈው» አሉ ዝቅ ባለ ድምፅ። «ሰው እንዳያውቅብኝ ዝም ብዬ ነው።»

በማግስቱ በእሳቸው ቫን ሳን ሆሴ ወረዱ። ማናጀሩ አንድ ካምፓኒ መሆናቸውን ጠየቀ።

«ሁለት ነን» አለች የወርቅውሃ። «እሳቸው ያጥባሉ፣ እኔ እሰፋለሁ። ሥራው ቢበላሽ ግን ተጠያቂዎቹ ሁለታችንም ነን።»

የአንድ ወር ሙከራ ሰጣቸው።

በሦስተኛው ሳምንት፣ ልብሱ ሊደርስ አንድ ቀን ሲቀረው፣ ለማጠቢያውና ለመተኮሻው ሙቅ ውሃና እንፋሎት የሚሰጠው የጋሽ መንገሻ ቦይለር ተበላሸ። ወንበር ላይ ቁጭ አሉና «አዋረድኩሽ» አሏት። የወርቅውሃ ልብሱን ቫኑ ላይ ጫነች። ሳን ሊያንድሮ አሳጥባ ተመለሰች፤ ከዚያ ሱቋ ውስጥ ጎን ለጎን ቆመው ከሰዓቱን ሙሉ በእጅ ካውያ ተኮሱ። እሳቸው «ከኮሌታው ጀምሪ፣ እጅጌውን በኋላ» እያሉ አሳዩዋት። ልብሱ በቀጠሮው ደረሰ።

ሆቴሉ የዓመት ኮንትራት ፈረመላቸው። ሱቆቻቸው እንደተለያዩ ቀሩ፤ አንዳንዴም ይጨቃጨቁ ነበር። ማዕዘኑ ላይ ያለው ድርጅት አልተዘጋም፤ እነሱም አልተዘጉም። በክረምቱ ጋሽ መንገሻ ታመው ሲተኙ፣ የወርቅውሃ በሁለቱ ሱቆች መካከል እየተመላለሰች፣ ደንበኛ ሲጠይቃት «ለሐሙስ ይደርሳል» ትል ነበር። ደግሞም ይደርሳል።